ቤቱ ስንት ቶን ይፈልጋል?

በቴክሳስ፣ በዳላስና በጋርላንድ አካባቢ፣ ነሐሴ ላይ ኤሲ የተበላሸበት ቤተሰብ ነገር ለማውጣትና ለማውረድ ጊዜ የለውም። ከሰዓት በኋላ የሳሎኑ ሙቀት 90 ዲግሪ ፋራናይት ያልፋል። ሕፃኑ ይነጫነጫል፣ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡት እናት በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ፣ አባት ከስልክ አልወረደም። የተጠራው ባለሙያ ሲደርስ በጓሮ በኩል ይዞርና የአሮጌውን ማሽን ሰሌዳ ያነባል። በሞዴል ቁጥሩ መሀል 048 የሚል አለ፤ 48 ሺህ ቢቲዩ፣ ማለትም አራት ቶን ነው። «ቤቱ ስንት ስኩዌር ፊት ነው?» ይላል። «ሁለት ሺህ» ይሉታል። ሁለት ሺህን ለአምስት መቶ ያካፍላል፤ አሁንም አራት። «አራት ቶን ነበር፣ አራት እናስገባለን፤ ለማንኛውም ብላችሁ አምስት ብታደርጉትም አይከፋም» ይላል። ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ይፈርማል።

በዚህች ስሌት ውስጥ ትልልቆቹ መስኮቶች ወደ ምዕራብ ይዩ ወደ ሰሜን አልተጠየቀም። ጣሪያው ሥር ያለው የሙቀት መከላከያ፣ ኢንሱሌሽን የሚባለው፣ በእጅ አልተነካም። አየሩን ወደየክፍሉ የሚያደርሱት ዳክቶች ያፍስሱ አያፍስሱ ያየ የለም። ቤተሰቡ ግን በሚቀጥሉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የሚተኛውም፣ የመብራት የሚከፍለውም በዚያች ማካፈል ነው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እሷ ናት፤ ምክንያቱም በሞቃት አገር ለአንድ ቤት የሚገዛ ትልቁ ማሽን የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በጥድፊያ ነው።

«ቶን» የሚባለው የማሽኑ ክብደት እንዳይመስል። ቃሉ የመጣው ምግብና መጠጥ ከሐይቅ ተቆርጦ በሚጓጓዝ በረዶ ይቀዘቅዝ ከነበረበት ዘመን ነው። አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ሲያልቅ ከአካባቢው 288 ሺህ ቢቲዩ ሙቀት ይስባል። ለ24 ሲካፈል በሰዓት 12 ሺህ ይመጣል። አንድ ቢቲዩ አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት የሚያሞቅ የሙቀት መጠን ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ቶን ኤሲ በሰዓት 36 ሺህ ቢቲዩ ሙቀት ከቤት ውስጥ አንስቶ ውጭ ይጥላል። ሥራው ይኸው ነው፤ የገባውን ሙቀት ማስወጣት። የማሽኑን ልክ ለማወቅም በከባዱ ሰዓት ወደ ቤቱ የሚገባውን ሙቀት ማስላት ያስፈልጋል።

ለዚህ ስሌት ሥርዓት ተበጅቶለታል። የአሜሪካ የኤሲ ሥራ ተቋራጮች ማኅበር የሚያሳትማቸውን ሦስት መመሪያዎች በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በስም ያውቃቸዋል። ማንዋል ጄ ቤቱ የሚጠይቀውን መጠን ያሰላል፣ ማንዋል ኤስ ለዚያ መጠን የሚመጥን ማሽን ይመርጣል፣ ማንዋል ዲ ዳክቱን ይነድፋል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድም ማሽን በዚሁ ስሌት እንዲመረጥ ይጠይቃል። ይሁንና አሮጌ ማሽን በአዲስ ሲተካ፣ በተለይ ሰው በሙቀት እየተቃጠለ ሳለ፣ ስሌቱ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማሽኑ አንሶ ቤቱ ካልቀዘቀዘ ደንበኛው በማግስቱ ይደውላል፤ በዝቶ ቤቱ ሲረጥብ ግን ጥፋቱ ከማሽኑ መጠን መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እናም ሁሉም ወደ ትልቁ ያዘነብላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ሙቀት?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጋ ዳላስ በተከታታይ ለ40 ቀናት 100 ፋራናይትና ከዚያ በላይ፣ ማለትም ወደ 38 ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት አይታለች። በ1980 ደግሞ 42 ቀን ሆኖ ነበር። ይህን ያሳለፈ ሰው ማሽኑ ለ110 ዲግሪ ይሠራልኝ ቢል አይፈረድበትም። ስሌቱ ግን የሚይዘው ከዓመቱ ሰዓታት አንድ በመቶው ብቻ የሚበልጠውን ሙቀት ነው። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው፤ አንድ በመቶው 88 ሰዓት ያህል ነው። ለዳላስ ይህ ቁጥር 99 ፋራናይት አካባቢ ይውላል። በነዚያ 88 ሰዓታት ምን ይሆናል? የቤቱ ሙቀት ከተፈለገው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ከፍ ይል ይሆናል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል። ለነዚያ ሰዓታት ሲባል የቀረውን ከ8,600 በላይ ሰዓት በማይመጥን ማሽን መኖር ትርፍ የለውም።

ለማሳያ በ1980ዎቹ በጋርላንድ የተሠራ፣ ባለ አራት መኝታ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ 2,000 ስኩዌር ፊት የሆነ የጡብ ቤት እንውሰድ። ውጭ 99፣ ውስጥ 75 ፋራናይት ነው፤ ልዩነቱ 24 ዲግሪ። ግድግዳው ሰው የሚፈራውን ያህል አያስገባም፤ በሰዓት 2,500 ቢቲዩ ገደማ ነው። ጉዱ ያለው ከላይ ነው። ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ቦታ፣ አቲክ የሚሉት፣ በበጋ ከሰዓት 130 ፋራናይት ይደርሳል፤ ወደ 54 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። ኢንሱሌሽኑ በእርጅና ተጣብቆ «አር 11» የሚባለው ደረጃ ላይ ከወረደ በኮርኒሱ በኩል ብቻ 9,100 ቢቲዩ ይገባል። 240 ስኩዌር ፊት የሚሆኑት አሮጌ መስኮቶች፣ በመስታወቱ የሚያልፈውን ሙቀትና ፀሐይ ይዛ የምትገባውን ጨምሮ፣ ወደ 10 ሺህ ይሰጣሉ። በስንጥቁ የሚገባ አየር 2,800፣ ሰዎቹና የቤት ዕቃዎቹ 3,500 ይሆናሉ። ድምሩ 28 ሺህ ገደማ መጣ። በአቲኩ ውስጥ የሚያልፉት ዳክቶች በመንገድ ለሚያባክኑት አንድ አራተኛ ሲጨመር 35 ሺህ ይሆናል፣ ለእርጥበቱ ሌላ ሦስት ሺህ። ጠቅላላው 38 ሺህ ቢቲዩ፤ ከሦስት ቶን ጥቂት የሚበልጥ። የሦስት ቶን ተኩል ማሽን ከበቂ በላይ ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ይህ ያረጀና የሚያፈስ ቤት ነው። እሱም እንኳ አራት ቶን አልጠየቀም።

አሁን ያው ቤት ጥቂት ነገር ይስተካከልለት። ኢንሱሌሽኑ ወደ አር 38 ከፍ ይበል፣ የኮርኒሱ ሙቀት ከሦስት ሺህ በታች ይወርዳል። መስኮቶቹ የፀሐይን ሙቀት በሚመልስ ቅብ መስታወት ይቀየሩ፣ አሥር ሺው ከአምስት ሺህ ያንሳል። ዳክቶቹ ይታሸጉ፣ ብክነቱ ከሩብ ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ስንጥቁም ይደፈን። አዲሱ ድምር 20 ሺህ ቢቲዩ ገደማ ነው፤ ሁለት ቶን ይበቃዋል። የወለሉ ስፋት አንዲት ስንዝር አልተለወጠም፤ የሚያስፈልገው ማሽን ግን ባለሙያው በማካፈል ካገኘው በግማሽ አነሰ። ስኩዌር ፊትን ለአምስት መቶ ማካፈል ስለ አንድ ቤት ምንም እንደማይናገር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በእርግጥ መስኮት መቀየር ውድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማድረግ ለብዙ ቤተሰብ አይቻልም። ኢንሱሌሽን መጨመርና ዳክት ማሸግ ግን ከማሽን መግዣው አንጻር ርካሽ ነው፣ መቅደምም ያለበት እሱ ነው። ማሽኑ ከገባ በኋላ ቤቱን ማሻሻል፣ ትናንት ልክ የነበረውን ማሽን ነገ ትርፍ ያደርገዋል።

«ትርፍ ቢሆንስ ምን ይጎዳል? አቅም አለው ማለት አይደል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚደመጥ ነው፤ መልሱን ለማየት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሂዩስተን መውረድ ይሻላል። የሂዩስተን ቴርሞሜትር ከዳላስ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ 95 ፋራናይት አካባቢ። ነገር ግን ከተማዋ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ናትና አየሩ ውሃ የተሸከመ ነው። እዚያ ኤሲ ሁለት ሥራ አለበት፤ አየሩን ማቀዝቀዝና ውሃውን ከአየሩ መለየት። ሁለተኛው ሥራ እንደ ተጨማሪ መታየት የለበትም። ዊሊስ ካሪየር በ1902 በብሩክሊን ለአንድ ማተሚያ ቤት የዘመናዊ ኤሲ መነሻ የሆነውን ማሽን ሲነድፍ የተጠራው ሠራተኞቹ ሞቋቸው ሳይሆን፣ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ስለሚለጠጥና ቀለሙ ቦታውን ስለሚስት ነበር። ኤሲ ሲፈጠር ጀምሮ የእርጥበት ማሽን ነው።

ውሃው የሚለየው ኮይል በሚባለው ክፍል ላይ ነው። በቤት ውስጥ ባለው የኤሲው ሳጥን ሆድ ውስጥ፣ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ በላዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች አሉ። ማሽኑ ሲነሳ ኮይሉ ገና ሞቃት ነው። ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ቅጠሎቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ከሚያልፈው አየር ላይ ጤዛ ይይዛሉ። ጤዛው መጀመሪያ እዚያው ይጣበቃል። ጠብታዎቹ ሲከብዱ ብቻ ነው እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ታችኛው መቀበያ የሚንሸራተቱትና በቀጭኑ የፕላስቲክ ቱቦ ከቤት የሚወጡት። በደንብ የሚሠራ ማሽን ባለበት ቤት፣ በግድግዳው ሥር ያ ቱቦ ከሰዓት በኋላ ሲንጠባጠብ ይታያል፤ መሬቱም ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ይህን ጊዜ አያገኝም። በጉልበት ይነሳል፣ የቴርሞስታቱን ቁጥር በስድስትና በሰባት ደቂቃ ያወርዳል፣ ይቆማል። በኮይሉ ላይ የተሰበሰበው ጤዛ ገና መውረድ አልጀመረም ነበር። የአየር ማራገቢያው መዞሩን ከቀጠለ ያንኑ ውሃ መልሶ ወደ ቤቱ ያተነዋል። የፍሎሪዳ የፀሐይ ኃይል ማዕከል ተመራማሪዎች ይህን ክስተት በላቦራቶሪና በመኖሪያ ቤቶች ለክተውታል። ውጤቱ የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን በቆዳ ነው። ቴርሞስታቱ 74 ይላል፣ አልጋ ልብሱ ግን እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ቁም ሣጥን ሲከፈት ሻጋታ ይሸታል። ነዋሪው «አልቀዘቀዘም» ብሎ ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 68 ያወርደዋል። ቤቱ አሁን ቀዝቃዛም እርጥብም ሆነ፤ የመብራት ሂሳቡም አብሮ ወጣ። ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ደግሞ በየመነሻው የሚደርስበት ጫና ዕድሜውን ያሳጥረዋል። አስም ያለበት ልጅ በሚኖርበት ቤት ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ማንም ሰው የቤቱን ማሽን ልክ ያለ መሣሪያ ሊፈትሽ ይችላል። ሙቀቱ 98 ወይም 99 በደረሰበት ከሰዓት፣ ቴርሞስታቱ ሳይነካ፣ ማሽኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሠራ መቁጠር ነው፤ አዳዲሶቹ ቴርሞስታቶች ይህን ራሳቸው ይመዘግባሉ። ልኩን የጠበቀ ባለ አንድ ፍጥነት ማሽን በዚያ ሰዓት ሳያቋርጥ ወይም ለትንሽ ብቻ እያቋረጠ ይሠራል። ግማሹን ሰዓት የሚያርፍ ከሆነ ከሚያስፈልገው እጥፍ ነው ማለት ነው። «ይሄ ኤሲ ቀኑን ሙሉ አያቆምም» የሚለው ስሞታ፣ ቤቱ እስከ ቀዘቀዘ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ምስጋና መሆን ነበረበት።

ፊኒክስ ሌላ ዓለም ናት። በአሪዞና በረሃ አየሩ ደረቅ ነው፣ እርጥበት የማውጣቱ ሥራ አነስተኛ ነው፣ የስሌቱ ሙቀት ግን ከ108 ፋራናይት በላይ ነው። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። በማሽኑ ላይ የሚጻፈው አቅም የተለካው ውጭ 95 ፋራናይት ሲሆን ነው። ውጭው እየጋለ ሲሄድ ማሽኑ ሙቀቱን የሚጥልበት አየር ራሱ ስለሚሞቅ አቅሙ ይወርዳል፤ ስሙ ሦስት ቶን የሆነው በ110 ዲግሪ ሦስት ቶን አይሰጥም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በሰሌዳው አይተማመንም፤ አምራቹ በየሙቀቱ ያወጣውን የአቅም ሠንጠረዥ ገልጦ ለዚያ ከተማ የሚሆነውን መስመር ያነባል። በፊኒክስ ማሽን ማሳነስ ከባድ ስህተት ነው። በ2023 ከተማዋ በተከታታይ ለ31 ቀናት 110 ፋራናይትና ከዚያ በላይ አሳልፋለች፤ ከተማዋ ባለችበት በማሪኮፓ ካውንቲ በዚያ ዓመት ከሙቀት ጋር የተያያዘ 645 ሞት ተመዝግቧል። የካውንቲው ሪፖርቶች ደጋግመው እንደሚያሳዩት፣ በቤት ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ ኤሲ ነበራቸው፤ ማሽኑ ግን አይሠራም ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ያሏቸው ቤተሰቦች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ግንቦት ሳይገባ ማስፈተሽ፣ ማጣሪያውን መቀየር፣ ውጭ ያለውን ማሽን ከአቧራ ማጽዳት አንድ ቶን ከመጨመር የበለጠ ሕይወት ያድናል።

በሁሉም ከተሞች ቢሆን ስሌቱ ነዋሪውንም ይቆጥራል። ማንዋል ጄ የሰዎቹን ቁጥር የሚገምተው በመኝታ ቤት ብዛት ላይ አንድ ጨምሮ ነው፤ ለአንድ ሰው ቁጭ ብሎ በሚያሳልፈው ሰዓት 230 ቢቲዩ ደረቅ ሙቀትና 200 ቢቲዩ እርጥበት ይይዛል። የሐበሻ ቤት ግን የራሱ ነገር አለው። በአሜሪካ የግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ የእንጀራ ምጣድ 1,500 ዋት ይወስዳል፤ አንድ ዋት በሰዓት 3.4 ቢቲዩ ገደማ ስለሆነ ምጣዱ ብቻውን 5,100 ቢቲዩ ይለቃል። ግማሽ ቶን ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚህ ከፊሉ አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር ቡልቅ የሚለው እንፋሎት ነው፤ ኤሲው እሱን መልሶ ውሃ እስኪያደርገው ድረስ ይለፋል። ብዙ እናቶች ምጣዱን ወደ ጋራዥ ያወጡት በጢሱና በሽታው ምክንያት ይሆናል፤ በሙቀት ሂሳብም ልክ ናቸው። ወጥ ቤት ውስጥ መጋገር ካልቀረ ደግሞ ከምድጃው በላይ ያለው መምጠጫ አየሩን ወደ ውጭ የሚጥል መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ በማጣሪያ አሳልፎ እዚያው የሚመልሰው ዓይነት ለእንፋሎት ምንም አይጠቅምም።

ማኅበር ወይም ክርስትና ሲኖርስ? ሠላሳ ሰው ሳሎን ሲገባ ወደ 13 ሺህ ቢቲዩ ይጨመራል፣ ከአንድ ቶን በላይ። መመሪያው ለእንዲህ ያለው ቀን ማሽን እንዳይተልቅ ይመክራል፤ ደግ ምክር ነው። እንግዳ ከመምጣቱ ጥቂት ሰዓታት በፊት ቴርሞስታቱን ሦስት ዲግሪ ዝቅ ማድረግ፣ ግድግዳውም ሶፋውም እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚሆን ድግስ በቂ ነው።

ስለ ዳክት ሳይነሳ የሚጠና የኤሲ መጠን ጎደሎ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚሠሩ አብዛኞቹ ቤቶች ምድር ቤት የላቸውም፤ ዳክቱ የሚዘረጋው ከቤቱ ቦታ ሁሉ በሚግለው በአቲኩ ውስጥ ነው። 55 ፋራናይት የሆነ አየር በ130 ዲግሪ መሀል ይጓዛል። የአሜሪካ መንግሥት የኢነርጂ ስታር መርሐ ግብር እንደሚለው በተለመደ ቤት በዳክት ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳና በላላ መጋጠሚያ ይጠፋል። «የኋላው መኝታ ቤት አይቀዘቅዝም» የሚለው ችግር ብዙውን ጊዜ መነሻው እዚህ ነው፤ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ቱቦ ተጣጥፏል፣ ወይም ከነጭራሹ ተላቆ አቲኩን ያቀዘቅዛል። አምስት ቶን ማሽን ለሦስት ቶን በተሠራ ዳክት ላይ ሲገጠም ደግሞ የባሰ ይመጣል። ማሽኑ በቶን 400 ኪዩቢክ ፊት ያህል አየር በየደቂቃው ይፈልጋል፤ ዳክቱ ይህን ማሳለፍ አይችልም፣ አየሩ ያፏጫል፣ ኮይሉ በረዶ ይጋግራል፣ በመጨረሻ ቤቱ በሐምሌ እኩለ ቀን ኤሲ እየሠራለት ይሞቃል። ይህን ያየ ቤተሰብ ከዚያ ወዲያ የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው፤ ጥፋቱ ግን የመረጠው እጅ ነው።

ማሞቂያው በሞቃት አገር የኤሲ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስሌቱም በተቃራኒው ይሄዳል። የማቀዝቀዣው ከባድ ሰዓት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ያዘነበለችበት ከሰዓት ነው፤ የማሞቂያው ደግሞ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ነው፤ ፀሐይ የለችም፣ ምድጃ አልተለኮሰም፣ ሰው ተኝቷል። ስለዚህ ከውስጥ የሚገኝ ሙቀት አይቆጠርም። ለዳላስ የሚያዘው የክረምት ቁጥር በ20ዎቹ አጋማሽ ፋራናይት ነው፤ ቅድም የተሰላው አሮጌ ቤት በዚያ ብርድ ከ35 እስከ 40 ሺህ ቢቲዩ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ቤት ባለ 80 ሺህና ባለ 100 ሺህ ቢቲዩ የጋዝ ማሞቂያ፣ ፈርነስ የሚሉት፣ ተገጥሞ ማየት የተለመደ ነው፤ ትኩስ አየር ለጥቂት ደቂቃ ይነፋል፣ ይቆማል፣ ቤቱ ይበርዳል፣ እንደገና ይነፋል። ሂት ፓምፕ የመረጠ ቤት፣ ይኸውም ያንኑ ኤሲ በክረምት ወደ ኋላ አዙሮ ከውጭ ወደ ውስጥ ሙቀት የሚያመጣው ማሽን፣ በሞቃት አገር ከሁሉም የተሻለ ይመጥናል። ብርዱ ሲጠና አቅሙ ስለሚቀንስ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይደገፋል፤ ባለ 5 ኪሎዋት ድጋፍ 17 ሺህ ቢቲዩ ይጨምርለታል። የጎደለውን ለመሙላት ለዳላስ ዓይነት ቤት ይህ ይበቃል።

በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው የብርድ ማዕበል ብዙዎችን አስደንግጦ ስለ ማሞቂያ ያላቸውን አስተያየት ቀይሯል። የካቲት 16 ቀን ዳላስ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 19 ሴንቲግሬድ ደረሰች። በቴክሳስ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት ጠፋባቸው፤ የግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት ከማዕበሉ ጋር የተያያዘ 246 ሞት ቆጥሯል። ከዚያ በኋላ ትልቅ ማሞቂያ ያስገቡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ሐሳባቸውን መረዳት አያዳግትም፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት ብዙ ቤት የበረደው ማሞቂያው አንሶ ሳይሆን መብራት አጥቶ ነው። የጋዝ ፈርነስም ቢሆን ማራገቢያው ያለ ኤሌክትሪክ አይዞርም። መብራት በጠፋበት ሰዓት የሚያገለግለው ወፍራም ኢንሱሌሽንና የተደፈነ ስንጥቅ ነው፤ ያለውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። በነሐሴ ወጪ የሚቀንሰውም ያው ነው።

በቅርብ ዓመታት ፍጥነቱን እንደ አስፈላጊነቱ የሚለዋውጥ ኢንቨርተር ማሽን እየተስፋፋ ነው። ሙሉ ጉልበቱን በከባዱ ቀን፣ ግማሹንና ከዚያ በታቹን በለዘበው ቀን ስለሚጠቀም ረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ ይሠራል፤ እርጥበትም በደንብ ያወጣል። «ኢንቨርተር ነው፣ ትልቅ ቢሆን ራሱ ይቀንሳል» የሚል ሻጭ ግን ሙሉ እውነቱን አልተናገረም። እያንዳንዱ ሞዴል ሊወርድበት የሚችል ወለል አለው። አምስት ቶኑ ዝቅ ብሎ የሚያርፍበት ወለል ሁለት ቶን ከሆነና ቤቱ በሰኔ ማለዳ የሚፈልገው አንድ ቶን ከሆነ፣ ያው መነሳትና መቆም ይመለሳል።

አገር ቤት ባሉት ሞቃት ከተሞች፣ በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ኤሲም የሚገዛው ለየክፍሉ ነው፣ ባለ 9 ሺህ፣ ባለ 12 ሺህ፣ ባለ 18 ሺህ ቢቲዩ እየተባለ። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ «በስኩዌር ፊት አስላው» ቢል በሌላው በኩል ያሳስታል። የብሎኬት ግድግዳ፣ ኢንሱሌሽን የሌለው ቆርቆሮ፣ ስስ ኮርኒስ ያለው ክፍል ከቴክሳስ ክፍል በስፋት እኩል ሆኖ ብዙ የበለጠ ሙቀት ይጠጣል። ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ከ10 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ያው ማራገቢያ የሚያመላልሰው ሙቀት ያንሳል። እዚያ ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ኮርኒሱ ላይ ኢንሱሌሽን ማንጠፍ፣ ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት፣ የምዕራቡን መስኮት በበረንዳ ወይም በዛፍ ማስጠለል ባለ 18 ሺሁን ወደ ባለ 12 ሺህ ሊያወርደው ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ይህ ልዩነት ጄኔሬተሩ ያነሳዋል አያነሳውም የሚለውን ይወስናል።

አዲስ ማሽን ልታስገቡ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከባለሙያው አንድ ነገር በወረቀት ጠይቁ፤ የየክፍሉን የሙቀት ስሌት። ወረቀቱ ላይ የውጭው ሙቀት ስንት ተብሎ እንደተያዘ፣ የመስኮቶቹ አቅጣጫ፣ የኢንሱሌሽኑ ደረጃና የዳክቱ ብክነት መጻፋቸውን እዩ። ለዳላስ ቤት 110 ዲግሪ ከተያዘ፣ ወይም ማንም አቲክ ሳይወጣ አር 38 ተብሎ ከተጻፈ፣ ስሌቱ የተሠራው ለይስሙላ ነው። ማሽኑ ከስሌቱ ከ15 በመቶ በላይ የሚበልጥ ከሆነም ምክንያቱን ጠይቁ። ለዚህ ሥራ ባለሙያው ጥቂት ሰዓታት ያስፈልጉታል፤ ተገቢ ክፍያም ቢጠይቅ አይበዛበትም። ኤሲው ገና እየሠራ ሳለ፣ በጥቅምት ወይም በመጋቢት፣ ሙቀቱ ሳያጣድፋችሁ አሠሩት። ስሌቱን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነውን አመስግናችሁ ሸኙትና ሌላ ባለሙያ ጥሩ።